ቮልታና የረግረጉ አየር

ቮልት የሚለውን ቃል ባትሪ ላይ ሳያነብ ያደገ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔም አሌሳንድሮ ቮልታን የማውቀው በዚሁ ብቻ ነበር። ከባሕር ውኃ ወደ ከባቢ አየር ስለሚወጣው ሜቴን ሳነብ ግን ስሙ ባልጠበቅሁት ቦታ ብቅ አለ። ለካ ሜቴንን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጭቃ አውጥቶ ያጠናው ይሄው ሰው ኖሯል! (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቮልታ በ1745 በሰሜን ኢጣሊያ፣ ኮሞ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ የሕግ ሰው እንዲሆን ቢፈልጉም የሱ ልብ ያደላው ወደ ኤሌክትሪክ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳይማር፣ እያነበበና በዘመኑ ለነበሩ ሊቃውንት ደብዳቤ እየጻፈ ራሱን አስተማረ፤ በኋላም እዚያው ኮሞ መምህር ሆነ።

በ1776 ካምፒ የሚባል ካህን ወዳጁ ከመሬት የሚወጣ ተቀጣጣይ አየር አግኝቶ ነበርና ቮልታም ፍለጋ ጀመረ። በኖቬምበር ወር በማጆሬ ሐይቅ፣ አንጄራ አጠገብ፣ በጀልባ ወደ ሸምበቆው ገባና የሐይቁን ጭቃ በዱላ ቆሰቆሰው። አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ውኃ የሞላ ጠርሙስ ደፍቶ ያዘው። እሳት ሲያስጠጋው በሰማያዊ ነበልባል ቀስ ብሎ ነደደ። ከብረትና ከአሲድ የሚገኘው ተቀጣጣይ አየር፣ ማለትም ሃይድሮጂን፣ ያኔ ይታወቅ ነበር። ይሄኛው ግን በደንብ ለመንደድ ብዙ አየር ስለሚፈልግ የተለየ መሆኑን ቮልታ ተረዳ፤ ምንጩም የበሰበሰ ዕፅዋትና እንስሳ ነው አለ። ለካምፒ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በ1777 ታተሙ።

ደግሞ ሰውዬው ጨዋታም ይወዳል መሰለኝ፤ ተቀጣጣይ አየር ሞልቶ በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚተኮስ ሽጉጥ ሠራ። ኮሞ ሆኖ በሽቦ አማካይነት ሚላን ያለውን ሽጉጥ መተኮስ እንደሚቻልም አሰበ። ቴሌግራፍ ገና ባልነበረበት ዘመን ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጠርሙሱ ያልያዘው አረፋ የት ይሄዳል? አንጄራ ላይ ውኃው ጥልቀት ስላልነበረው በቀጥታ ወደ አየር ይወጣል። በክፍላችን ባሕሩም እንደዚሁ ሜቴኑን አንድ ቀን ይተፋዋል እያልን ስንከራከር ነበር፤ እኔም ከሚያስፈራሩት ወገን ነበርኩ። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይደለም። የባሕር ውኃ ሰልፌት አለው፤ በባሕሩ ወለል ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን በዚህ ሰልፌት እየተጠቀሙ አብዛኛውን ሜቴን እዚያው ይበሉታል። አምልጦ የሚነሳውም አረፋ ባሕሩ ጥልቅ ከሆነ መንገድ ላይ ይሟሟል፤ ከዚያ ሌሎች ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጡታል። ስለዚህ ነው ባሕር ከምድር ገጽ 70 በመቶ በላይ ሸፍኖ ሳለ ለከባቢ አየር የሚሰጠው ሜቴን ጥቂት የሆነው። የጨው አልባው ረግረግ ግን ሰልፌት ስለሚያንሰው ብዙ ይለቃል።

የሚያሰጋው ጥልቀት የሌለው ባሕር ነው። በምሥራቅ ሳይቤሪያ ዳርቻ ውኃው በአማካይ 50 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ከሥሩ ያለው የበረዶ አፈር ሲቀልጥ አረፋው ሳይበላ ላይ ይደርሳል። መጠኑ ላይ ሊቃውንቱ ገና አልተስማሙም። ሜቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ስለሚያሞቅ ክርክሩ የዋዛ አይደለም።

ቮልታ ወደ ኤሌክትሪኩ ተመልሶ በ1800 ባትሪውን ለዓለም አሳወቀ፤ በ1801 ፓሪስ ላይ ለናፖሊዮን አሳየ፤ በ1827 በተወለደባት ኮሞ ሞተ። ሜቴን አየር ላይ የሚቆየው በአማካይ አሥር ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ አንጄራ ላይ ከጠርሙሱ ያመለጠው ጋዝ፣ ባትሪው በተሠራ ጊዜ አብዛኛው ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ነበር።