ካርል ላንድሽታይነርና የሰው ደም ልዩነት

ከደጋው አገር ወደ መተማ፥ ድንበሩንም ተሻግሮ ወደ ጋላባትና ወደ ገዳሪፍ፥ ለሰሊጥ አረምና ለአጨዳ ብዙ ሕዝብ ሲወርድ ኖሯል። የቆላው ወባ በደጋ ያደገውን ሰው አጥብቆ ይይዛል። የወባው ተሐዋሲ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ይገባል፥ በውስጡም ይበዛል፥ በመጨረሻም ሕዋሱን አፍርሶ ይወጣል። በሽታው ሲጸና የሕመምተኛው ደም እጅግ ስለሚያንስ ሐኪሙ የሌላ ሰው ደም እንዲሰጠው ያዛል። ያን ጊዜ ወንድም ክንዱን ዘርግቶ ይቀርባል፤ ደሙ ተመርምሮ አይስማማም በተባለ ጊዜ ግን ዘመድነቱን የካዱበት መስሎት ያዝናል። ቋንቋውን የማያውቀው ሱዳናዊ ደሙ ተስማምቶ ሲገኝማ መገረሙ ይበዛል። ይህን ምሥጢር የገለጠውን ሊቅ ሕይወት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንተርክ ወደድን። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካርል ላንድሽታይነር ጁን 14 ቀን 1868 በኦስትሪያ አገር ተወለደ። አባቱ ሌኦፖልድ የታወቀ ጋዜጠኛ ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ ፋኒ አሳደገችው፤ እርሱም እናቱን እጅግ ይወድ ስለ ነበር ያገባው እርሷ ካረፈች ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በ1891 በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርቱን ፈጸመ፤ ከዚያም ኬሚስትሪን ከታላላቅ መምህራን ተማረ። ከ1898 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የሞቱበትን ምክንያት ለማወቅ ሬሳ በሚመረመርበት ክፍል ሠራ፤ በዚያም 3,600 ያህል ሬሳ መረመረ።

ከእርሱ በፊት ለሰው ደም መስጠት ተሞክሮ ነበር። በ1667 በፈረንሳይ አገር የበግ ደም ለሰው ሰጡ፤ በ1818 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ጀምስ ብለንዴል የሰውን ደም ለሰው ሰጠ። አንዱ ይድናል፥ ሌላው ተንቀጥቅጦ ይሞታል፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ላንድሽታይነር የራሱንና የአምስት የሥራ ባልንጀሮቹን ደም ወሰደ። ደም ሲረጋ ከላይ የሚቀረውን ጥርት ያለ ውሃ ለየ፤ የአንዱንም ውሃ ከሌላው ቀይ ሕዋሳት ጋር በጠብታ ደባለቀ። አንዳንዱ እንደ ነበረ ቀረ፤ አንዳንዱ ግን እንደ ተበላሸ ወተት ተጓጐለ። ሌሎች ሊቃውንት እንዲህ ያለውን መጓጐል የበሽታ ምልክት ነው ይሉ ነበር፤ እርሱ ግን በጤነኞች መካከል አየው። በ1901 ባወጣው ጽሑፍ የሰውን ደም በሦስት ክፍል መደበ፤ እነዚህም ኤ፥ ቢ፥ ኋላም ኦ የተባለው ናቸው። በተከታዩ ዓመት ባልንጀሮቹ ዴካስቴሎና ስቱርሊ ኤቢ የሚባለውን አራተኛውን ክፍል አገኙ። ኤ ደም ያለው ሰው በደሙ ውሃ ውስጥ ቢን የሚቃወም ነገር አለበት፤ ቢ ያለውም እንዲሁ ኤን ይቃወማል። የማይስማማ ደም ለሰው ሲሰጥ የተሰጡት ሕዋሳት ተጓጕለው ይፈርሳሉ፥ የተቀባዩም ኵላሊት ይጐዳል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አልወደድንም። የልጁ ደም ከአባቱ ደም የተለየ ሆኖ በተገኘ ጊዜ ሚስቱን የሚጠረጥር ባል አይታጣም። ሰው ግን ከአባት አንድ፥ ከእናትም አንድ ዕጣ ይወርሳል፤ ኦ የተባለው ዕጣ በኤ ወይም በቢ ሥር ተሸፍኖ ይኖራል። ስለዚህ አባት ኤ፥ እናት ቢ ሆነው ሳሉ ልጃቸው ኦ ሊሆን ይችላል፤ ወንድማማቾችም ይለያያሉ። በዚህ ምክንያት ትዳርን ማፍረስ አለማወቅ ነው።

የላንድሽታይነር ሥራ ለብዙ ጊዜ የሚገባውን ያህል አልታየለትም። በ1907 በኒው ዮርክ ሩበን ኦተንበርግ የተባለ ሐኪም ደም ከመስጠቱ በፊት መስማማቱን መመርመር ጀመረ፤ የኖቤል ሽልማት ለላንድሽታይነር የተሰጠው ግን በ1930 ነው። እስከዚያ ድረስ በ1908 ከኤርቪን ፖፐር ጋር ልጆችን ሽባ የሚያደርገው በሽታ ወደ ዝንጀሮ እንደሚተላለፍ አሳይቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቪየና ስትራብ በ1919 ወደ ሆላንድ ተሰደደ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ በኒው ዮርክ በሮክፌለር የምርምር ተቋም ሠራ። በዚያም በ1940 ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር አር ኤች የሚባለውን የደም ምልክት ገለጠ፤ የአንዳንድ እናት ደም በማሕፀኗ ያለውን ልጅ ደም ለምን እንደሚያፈርስ የታወቀው በዚህ ምልክት ነው።

ዝምተኛና ዝናን የማይወድ ሰው ነበር። ጁን 24 ቀን 1943 በሥራ ክፍሉ ሳለ፥ ጠብታ የሚለካበትን ቀጭን የመስታወት ቱቦ በእጁ እንደ ያዘ፥ የልብ ሕመም ጣለው፤ በሁለተኛውም ቀን በ75 ዓመቱ ዐረፈ። የተወለደበት ቀን ዛሬ በዓለም ሁሉ የደም ለጋሾች ቀን ሆኖ ይታሰባል። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 7 ነው፤ ለአረም ወደ ቆላ የሚወርዱት ስንቃቸውን የሚቋጥሩበት ወራት።