ስለ እቴጌ ጣይቱ የመጨረሻ ልመና

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ከሰሜንና ከበጌምድር ታላላቅ ሰዎች ወገን የተወለዱ ነበሩ፤ ስመ ጥሩው ደጃዝማች ውቤም የአባታቸው ወንድም ነበር። በ1875 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክን አገቡ፤ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የእቴጌነት ዘውድ ጫኑ። የአዲስ አበባን ስም ያወጡ እርሳቸው መሆናቸውን፤ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የነበረውን የጠላት ጦር ውሃውን በማስያዝ እንዳስጨነቁት፤ እስከ ዐድዋም እንደ ዘመቱ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃልና በዚህ ነገር አላስረዝምም።

እኔ የምተርከው ሹመታቸው ካለፈ በኋላ ያለውን ነው። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ደዌ በተያዙ ጊዜ እቴጌ ባላቸውንም መንግሥቱንም ይጠብቁ ነበር። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ አገለሉዋቸው፤ የቀረላቸው በሽተኛውን ማስታመም ብቻ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱም በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ነገር ግን ሞታቸው ተሸሸገ፤ ለእንዲያ ያለ ንጉሥ የሚገባው ልቅሶ በአደባባይ አልሆነላቸውም። እቴጌም ከቤተ መንግሥት ወጥተው ቀድሞ ዘውድ ወደ ጫኑበት ወደ እንጦጦ ሄዱ፤ በዚያም በጸሎት ተቀመጡ።

ንግሥት ዘውዲቱ በነገሡ ጊዜ የእንጀራ እናታቸው አንድ ነገር ለመኑ። ሀብት አልነበረም፤ ሹመትም አልነበረም። በኅዳር 1910 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ሄደው የቀረ ዘመናቸውን በአባቶቻቸው አገር እንዲፈጽሙ ፈቃድ ጠየቁ። መንገዱ በበቅሎ የብዙ ሳምንት ነው፤ ለደከመ ሰውም ከባድ ነው። ልመናቸው ግን አልተፈቀደም። እቴጌ ወደ ሰሜን ቢወጡ ሁከት ይነሣል ብለው መኳንንቱ ሳይሠጉ አልቀሩም፤ ለመንግሥት እንዲህ ያለ ሥጋት ሊኖርበት ይችል ይሆናል።

በአንድ ጎጆ ውስጥ ላለን ለእኛ ግን ምን ሥጋት አለብን? አንባቢ ሆይ፤ በሆሳዕናም ሆነ በሐዲያና በከምባታ መንደሮች ሰው በሞተ ጊዜ ዘመድ ከሩቅ ይሰበሰባል፤ ይህ መልካም ነው። ሟቹ ግን አስቀድሞ ልጆቹን ጠርቶ ፊታችሁን አትቧጭሩ፤ በብድር በሬ አትረዱ፤ በጸሎትና በመዝሙር ብቻ ቅበሩኝ ብሎ ተናዞ እንደ ሆነ፤ ልጆቹ የጎረቤትን አፍ ፈርተው ቃሉን ያፈርሳሉ። ከቀብሩ በኋላ ዕዳው ለመበለቲቱ ይቀራል። ሐሜቱ በጥቂት ሳምንት ያልቃል፤ ዕዳው ግን እስከ መከር፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በኋላ ይቈያል። ዮሴፍ በግብፅ ሲሞት ስለ ዐፅሙ አስምሎ ነበር፤ እስራኤልም ያን ዐፅም ይዘው ከግብፅ ወጡ፤ ዐርባ ዓመት በምድረ በዳ ሲንከራተቱም አልጣሉትም፤ በመጨረሻም በሴኬም ቀበሩት። ያስማላቸው ወንድሞቹ ሁሉ ሞተው ሳለ፤ የቀበሩት ዮሴፍን በዓይናቸው አይተውት የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

እቴጌ ጣይቱ ልመናቸው በተከለከለ በሦስተኛው ወር፤ በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው ከዐፄ ምኒልክ ጋር ይገኛል፤ ልመናቸው በዘመናቸው ያልተፈጸመላቸው ንግሥት ዘውዲቱም በ1922 ዓ.ም. ሲያርፉ በዚያው ተቀበሩ።