ሽፍታው ካሣ፥ ሕግ አስከባሪው ቴዎድሮስ

ሕግ ለማስከበር የሚዘጋጅ ወጣት የሕጉን አንቀጽ፥ የወንጀል ምርመራን፥ የመሣሪያ አያያዝን መማር እንዳለበት የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ትምህርት መኖሩን ከዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት እንረዳለን።

የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። ሕፃን ሳሉ በገዳም ሲማሩ ወታደር ገዳሙን እንደ ወረረውና እርሳቸው በሕይወት እንዳመለጡ ይነገራል። በደጃዝማች ክንፉ ቤት የጦር ሙያ ከተማሩ በኋላ በቋራ በረሃ ሸፈቱ። እንግዲህ ዘረፋን ከተዘራፊውም ከዘራፊውም ወገን ሆነው አውቀውታል ማለት ነው።

በኅዳር 1845 ዓ.ም. የጎጃሙን ገዥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ጉር አምባ ላይ ድል ነሡ፤ ጎሹም በዚያው ወደቁ። በዚያው ዓመት በሰኔ ራስ ዓሊን ጎጃም ውስጥ፥ አይሻል ላይ አሸነፉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ።

በዘመነ መሳፍንት ወታደር ደመወዝ ስላልነበረው በገበሬ ቤት ሰፍሮ ይበላ፥ የቀረውንም ይዘርፍ ነበር። አዲሱ ንጉሥ ዘረፋን ከለከሉ፤ ገበሬው ወደ እርሻው፥ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ ዐወጁ። ዐዋጅ ብቻውን እንደማይበቃ ስለ ተረዱም ወታደሩ በደመወዝ እንዲተዳደር አሰቡ። ሠራዊቱን በዐሥር አለቃ፥ በአምሳ አለቃ፥ በመቶ አለቃና በሻለቃ ከፍለው አደራጁ፤ እነዚህም ስሞች በኋላ ዘመን የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ማዕረግ ሆነዋል።

ደመወዝ ግን ገንዘብ ይሻል። ንጉሡ በየደብሩ የሚያገለግሉት ካህናት ቁጥር እንዲወሰንና ትርፉ መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ እንዲሰጥ ቢያስቡ ካህናቱ አጥብቀው ተቃወሙ። በመጨረሻ በኃይል ቢያስፈጽሙት የሕዝቡን ልብ አጡ። በጎጃም ተድላ ጓሉ፥ በሌላውም አገር ሌሎች ዐመፁ። ግብሩ ሲቀር ደመወዙ ቀረ፤ ወታደሩም ወደ ጥንቱ ዘረፋ ተመለሰ። የንጉሡም ቍጣ ጥፋተኛውን ከንጹሑ የማይለይ ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር የተዘረፈችውና የተቃጠለችው በባዕድ ሳይሆን በገዛ ንጉሧ ጦር ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ ራሳቸውን ሠዉ።

ጀግንነታቸውን የሚክድ የለም፤ ሐሳባቸውም ከዘመናቸው የቀደመ ነበር። ይሁን እንጂ ሕግ አስከባሪ እንጀራውን በሕግ ካላገኘ፥ የቅጣት እጁም በሕግ ካልታሰረ፥ ገበሬው ከሽፍታ ለይቶ አያየውም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚሰናዳ ወጣት ሌላውን በሕግ ለመያዝ ከመነሣቱ አስቀድሞ ራሱን ለሕግ ማስያዝ ይገባዋል እንላለን።