ዳግማዊ ቴዎድሮስ እና የሴባስቶፖል ጉዞ

ዳግማዊ ዓፄ ቴዎድሮስ (የልደት ስማቸው ካሳ ኃይሉ፤ 1811 ዓ.ም. ገደማ – ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.) ከ1847 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው የነገሡ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። ዘመነ መሳፍንትን በማብቃታቸው፣ ኢትዮጵያን በአንድ ማዕከላዊ መንግሥት ሥር ለማድረግ በመሞከራቸው እና ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተዋግተው በመቅደላ ራሳቸውን በመሠዋታቸው ይታወቃሉ። ይህ ጽሑፍ የንጉሡን ሕይወት የሚተርከው በተለይ ከመድፍ ሥራቸው አንጻር ነው። የሕይወታቸው የመጨረሻ ወራት ያለፉት ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተራራ በማጓጓዝ ነበር።

ልጅነትና ትምህርት

ካሳ ኃይሉ የተወለዱት በቋራ አውራጃ ሻርጌ በተባለ ቦታ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናታቸው ደግሞ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ልጁ ያደጉት በችግር ነበር። ጠላቶቻቸው ኋላ ላይ እናታቸውን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ካሳ ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ተልከው ማንበብና መጻፍ የተማሩ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በቋራ ገዥ በነበሩት ዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት አድገው የጦር ሙያ ቀስመዋል። ክንፉ ከሞቱ በኋላ ግን የርስት ድርሻቸውን ስላጡ በቋራ ቆላ ሸፈቱ።

ከሽፍትነት ወደ ዙፋን

የካሳ ኃይል እየበረታ ሲሄድ በጊዜው ጎንደርን ይገዙ የነበሩት ራስ አሊ እና እናታቸው እቴጌ መነን ሊያባብሏቸው ሞከሩ፤ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችንም ዳሩላቸው። ሰላሙ ግን ብዙ አልቆየም። በ1839 ዓ.ም. ካሳ እቴጌ መነንን በጦርነት ማርከው ቋራንና ሌላ ግዛት ካስረከቧቸው በኋላ ለቀቋቸው።

በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ድንበር ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋጉ። የካሳ ሠራዊት በቁጥር ይበልጥ የነበረ ቢሆንም በሥነ ሥርዓት የሠለጠነውና መድፍ የያዘው የግብፅ ጦር ድል ነሣቸው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሡ የመድፍ ፍላጎት የጀመረው ከዚህ ሽንፈት ነው ይላሉ። ካሳ ከዚያ ወዲህ ሠራዊታቸውን እንደ ግብፆቹ ለማሠልጠን ሙከራ አድርገዋል።

በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ አሊን፣ በ1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ወዲያው ወደ ወሎ ዘምተው የመቅደላን አምባ ያዙ፤ ቀጥለውም ሸዋን አስገብረው ልጅ ምኒልክን ማርከው ወሰዱ። መቅደላ ከዚያ በኋላ የንጉሡ ግምጃ ቤት፣ ወህኒ ቤትና ምሽግ ሆነ።

ጋፋት

ቴዎድሮስ ከውጭ አገር መድፍ ገዝቶ ማስገባት እንደማይቻል ተረድተው ነበር፤ ወደቦቹ በሌሎች እጅ ነበሩና። ስለዚህ መድፉ በአገር ውስጥ እንዲሠራ ወሰኑ። ለዚህም በደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት በተባለ ቦታ የብረታ ብረት መንደር አቋቋሙ። በመንደሩ የሠሩት ከስዊዘርላንድ የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ ሚስዮናውያን ባለ እጆች (ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ሌሎችም)፣ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆል፣ ፈረንሳዊው ቡርጎ እና ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ነበሩ። ሚስዮናውያኑ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበር፤ መድፍ ማቅለጥ ሙያቸው ስላልነበረ የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። በንጉሡ ግፊት ግን ሥራው ቀጥሎ መድፎችና ሠረገላዎች መውጣት ጀመሩ።

ከሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል ነው። ስሙ በክራይሚያ ጦርነት (እ.ኤ.አ. 1853–1856) ለረጅም ጊዜ ከተከበበችው የሩሲያ ከተማ የተወሰደ ነው። ሴባስቶፖል ከነሐስ የተሠራ፣ አጭርና አፈ ሰፊ ሞርታር ሲሆን ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ይደርሳል። ሞርታር ድንጋዩን ወይም ጥይቱን ወደ ላይ አጉኖ በግንብ አናት አሻግሮ የሚጥል የከበባ መሣሪያ ነው።

የመንግሥቱ መዳከም

ይህ ሁሉ ሲሠራ የንጉሡ ግዛት እየጠበበ ነበር። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ፤ የቅርብ አማካሪዎቻቸው እንግሊዛውያኑ ፕላውደንና ቤል እ.ኤ.አ. በ1860 ተገደሉ። የቤተ ክርስቲያን መሬት ለመቀነስ የወሰዱት እርምጃ ከካህናት ጋር አጋጫቸው። አመፅ በየቦታው ሲነሣ ቅጣታቸውም እየከፋ ሄደ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ትግራይም በካሳ ምርጫ እጅ ገቡ።

ከእንግሊዝ ጋር የተፈጠረው ጠብ መነሻው ደብዳቤ ነበር። ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው መልስ ስላጡ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሠሩ፤ ኋላም ሊያስፈታው የተላከውን ራሳምን ከነባልደረቦቹ ያዙ። እንግሊዝም በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ ጦር ከሕንድ ላከች።

ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ

ቴዎድሮስ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከቀረው ሠራዊታቸው፣ ከቤተሰቡና ከአውሮፓውያኑ ባለ እጆች ጋር ወደ መቅደላ ተነሡ። በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዘቢጥና በቤተ ሖር አድርገው ወደ ዋድላ ደጋ ዘለቁ። ዛሬ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በጋይንት፣ በጨጨሆና በጋሸና ሲያልፍ በከፊል የዚያኑ ጉዞ አቅጣጫ ይከተላል።

ለእግረኛ ይህ መንገድ የጥቂት ቀናት ጉዞ ነው። ለቴዎድሮስ ግን ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። ምክንያቱ መድፉ ነበር። በዚያ አገር ሠረገላ የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ ሴባስቶፖል ከመንቀሳቀሱ በፊት መንገዱ መሠራት ነበረበት። ሠራዊቱ ቋጥኝ እየፈለጠ፣ ገደል እየናደና ጎድጓዳውን እየሞላ ሄደ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡና ሥራውን ሲመሩ ይውሉ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። በዚያ ላይ ስንቅ የሚገኘው ከአካባቢው ገበሬ በመዝረፍ ስለነበር አማፅያንና የተዘረፈው ሕዝብ ጉዞውን ይተናኮሉ ነበር፤ ከሠራዊቱም ብዙ ሰው ይከዳ ነበር።

ማውጣትና ማውረድ

የመንገዱ ዋና ፈተና ሁለት ጥልቅ ሸለቆዎች ናቸው፤ የጅጣ እና የበሽሎ። በሁለቱም መድፉ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ መውረድ፣ ከዚያም ማዶ ያለውን ዳገት መውጣት ነበረበት። ከበሽሎ ወንዝ እስከ መቅደላ አናት ያለው የከፍታ ልዩነት ብቻ 1,000 ሜትር ገደማ ነው።

ሴባስቶፖል በጋፋት በተሠራ ሠረገላ ላይ ተጭኖ በጠፍር ገመድ በሰው ጉልበት ይሳብ ነበር። ለዚህ አንድ መድፍ ብቻ 500 ያህል ሰው ይመደብ ነበር። ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበር በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ሰባት ቶን ዕቃ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ለመያዝ ብቻ ወደ 1.4 ቶን የሚጠጋ የስበት ኃይል መቋቋም ያስፈልጋል። ወደ ላይ ለማንቀሳቀስ የመንኮራኩሩና የመንገዱ ሰበቃ ይጨመርበታል። ዳገቱ ሲቆም ጫናው በዚያው ልክ ይጨምራል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ በጠመዝማዛ እንዲወጣ የሚደረገውም ለዚህ ነው፤ ርቀቱ ቢረዝምም የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል።

ቁልቁለት ደግሞ ከዳገት ይልቅ አደገኛ ነው። በዳገት ሰው ቢደክም ከመንኮራኩሩ ሥር ድንጋይ አስገብቶ ማረፍ ይችላል። በቁልቁለት ግን ከኋላ የሚይዙት ሰዎች ከላሉ ወይም ጠፍሩ ከተበጠሰ መድፉ ከፊት ያለውን ሰው ጨፍልቆ ገደል ይገባል። ሴባስቶፖል ግን ሁለቱንም ሸለቆዎች ሳይሰበር ተሻገረ።

በመጋቢት 1868 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ገደማ መድፉ ከመቅደላ አምባ ሥር ወዳለው ሰላምጌ ሜዳ ደረሰ። የናፒየር ጦር በሽሎን የተሻገረው ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ነው።

የሁለቱ ሠራዊቶች መሣሪያ

ናፒየርም ከቀይ ባሕር ጠረፍ ከዙላ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መሣሪያውን በተራራ ላይ ማሳለፍ ነበረበት። ያመጣው ጦር ወደ 13,000 ወታደር ሲሆን፣ ዘዴው ግን ከቴዎድሮስ የተለየ ነበር። ትንንሾቹ የተራራ መድፎች ተፈታትተው በበቅሎ ይጫናሉ፤ ከበድ ያሉት የአርምስትሮንግ መድፎችና ሞርታሮች ከሕንድ በመጡ 44 ዝሆኖች ጀርባ ይሄዳሉ። ሴባስቶፖል በአንድ ወጥ የተቀለጠ ስለነበር ሊፈታ አይችልም፤ አንድ እንስሳም ሊሸከመው አይችልም።

ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያሠሩት መንገድ በመጨረሻ ጠላታቸውን ጠቀመ። የእንግሊዝ ጦር ከዋድላ ወደ ጅጣ ወርዶ ወደ ደላንታ የወጣው፣ በሽሎንም የተሻገረው ንጉሡ ቀድመው በጠረጉት መንገድ ነው። የእንግሊዝ ጦር አባላትም የመንገዱን አሠራር አድንቀው ጽፈዋል።

አሮጌ እና መቅደላ

ቴዎድሮስ ከውጊያው ዋዜማ፣ ሚያዝያ 2 ቀን፣ በቁጣ በርካታ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን በገደል አስጥለው አስገደሉ። በማግሥቱ በዕለተ ስቅለት ሠራዊታቸው በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ወደ አሮጌ ሜዳ ወርዶ ገጠመ። መድፎቹ ከፋላ ተራራ ላይ ወደ ታች ተተኮሱ። ከከፍታ ወደ ታች መተኮስ ግን ልምድ ይጠይቃል፤ ጥይቶቹ ጉዳት ሳያደርሱ ቀሩ፣ ከትልልቆቹ መድፎችም አንዱ ፈነዳ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሞቱ፤ ገብርዬም ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ናቸው።

ቴዎድሮስ በቀጣዮቹ ቀናት አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ እጅ መስጠትን ግን እምቢ አሉ። በመጨረሻው ቀን መድፎቹን ከሰላምጌ ወደ አምባው አናት ለማውጣት ተሞከረ። ያን ጊዜ ግን የሚስብ ሰው አልነበረም፤ ሠራዊቱ ተበትኖ ከንጉሡ ጋር የቀሩት ጥቂት ታማኞች ብቻ ነበሩ። መድፎቹ ሰላምጌ ላይ ተትተው ቀሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1868) የእንግሊዝ ወታደሮች የኮከት በርን ጥሰው ሲገቡ ቴዎድሮስ በሽጉጣቸው ራሳቸውን አጠፉ።

ከሞታቸው በኋላ

የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘርፎ አቃጠለ። የተዘረፉትን የብራና መጻሕፍትና ቅርሶች ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገዋል። የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስደው እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመታቸው ሞቱ፤ በዊንድዘርም ተቀበሩ። ካሳ ምርጫ ለእንግሊዝ ጦር መተላለፊያ በመፍቀዳቸው የተሰጧቸው መድፎችና ጠመንጃዎች ኋላ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ለመንገሣቸው ረድተዋቸዋል።

እንግሊዞች በመቅደላ ያገኟቸውን ብዙዎቹን መድፎች ሰባብረው ሄዱ። ሴባስቶፖልን ግን ማንም ከተራራው አላወረደውም። መጽሐፉ፣ ዘውዱና ጽዋው በበቅሎና በዝሆን ሲወርድ ሰባት ቶኑ ነሐስ ባለበት ቀረ፤ እስከ ዛሬም በመቅደላ ይገኛል። በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው አምሳያው ነው።