ዮሴፍ ሃው፤ ጋዜጣ አሳታሚው

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ኖቫ ስኮሺያ የሚባል አገር አለ። ዛሬ የካናዳ ክፍል ነው፤ ቀድሞ ግን የእንግሊዝ ንጉሥ በላከው ገዥ ይተዳደር ነበር። ዋና ከተማው ሃሊፋክስ ይባላል። ዮሴፍ ሃው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1804 ዓ.ም. በዚህች ከተማ አጠገብ ተወለደ።

አባቱ የመንግሥት አታሚና የፖስታ ቤት ሹም ነበረ፤ ነገር ግን ሀብታም አልነበረም። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ስለ ነበረ በየእሑዱ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወደ ወህኒ ቤት እየሄደ እስረኞችን ያስተምር ነበር። ዮሴፍ በትምህርት ቤት የቈየው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በ13 ዓመቱ ወደ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን ጽሑፍ የሚታተመው የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመና እየተደረደረ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ልጅ ሳያነብ ሊቀር አይችልም፤ ዮሴፍም ባገኘው ጊዜ ሁሉ ያነብ ነበር።

በ1827 መጨረሻ፣ ገና የ23 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፣ ኖቫስኮሺያን የሚባለውን ጋዜጣ ገዛ። በፈረስም በእግርም አገሩን እየዞረ ደንበኞችን ይፈልግ፣ የገበሬውንና የዓሣ አጥማጁን ችግር ይሰማ ነበር። እርሱ በመንገድ ሳለ ጋዜጣውን የምታካሂደው ሚስቱ ሱዛን ነበረች።

በጥር 1 ቀን 1835 በጋዜጣው አንድ ደብዳቤ ታተመ። ከበታቹ የሰው ስም አልነበረም፤ ሕዝቡ የሚል ፊርማ ብቻ ነበረበት። ደብዳቤው የሃሊፋክስ ሹማምት በ30 ዓመት ውስጥ 30,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ያለ አግባብ ከሕዝቡ ወስደዋል ይል ነበር። ሹማምቱ ተቈጥተው ሃውን በስም ማጥፋት ከሰሱት። እርሱም ወደ ጠበቆች ሄደ፤ ሁሉም ነገሩ የማይረታ ነው ብለው መለሱት። በዚያ ዘመን ሕግ የታተመው ነገር እውነት መሆኑ አሳታሚውን ከቅጣት አያድነውም ነበርና ጠበቆቹ የተናገሩት ትክክል ነበረ። ቢፈረድበት ወህኒ ቤት ይጠብቀው ነበር።

ሃው ግን ይቅርታ አልለመነም። የሕግ መጻሕፍት ተውሶ ወደ ቤቱ ገባና ስለ ስም ማጥፋት የተጻፈውን ሁሉ አነበበ። በመጋቢት ወር ለፍርድ ሲቀርብ ጽፎ ያጠናው የንግግሩን መጀመሪያ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበር። ሆኖም ከስድስት ሰዓት በላይ ተናገረ። ለድሆች የተመደበው ገንዘብ እንዴት እንደ ጠፋ፣ እስረኞች እንዴት እንደ ተበደሉ፣ ቀረጡ ከማን እንደሚሰበሰብና ማን እንደሚቀርለት እያስረዳ ቈጠረ። በእንግሊዝ ሕግ ከሕዝቡ መካከል የተመረጡ 12 ሰዎች ምለው ይፈርዳሉ። ዳኛው ደብዳቤው ወንጀል ነው ብሎ ነገራቸው፤ እነርሱ ግን ዐሥር ደቂቃ ብቻ ተማክረው ሃው በደል የለበትም ብለው ፈረዱ። ሕዝቡም በእልልታ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ወሰደው።

በሚከተለው ዓመት ለሸንጎው እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። እንደራሴዎች መናገር ይችሉ ነበር፤ አገሩን የሚያስተዳድሩት ግን ከጥቂት ባለጸጎች ወገን የተሾሙ አማካሪዎች ነበሩ፤ ሕዝቡም ሊሽራቸው አይችልም ነበር። ሃው ይህን ነገር ለመለወጥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ታገለ።

በ1840 የዚያው ዳኛ ልጅ ስለ አባቱ በተነገረው ተቈጥቶ በሽጉጥ እንዲታኰሱ ጠራው። ጨዋ ነን የሚሉ ሰዎች ይህን ክፉ ልማድ ክብር ያደርጉት ነበር፤ ሃውም እምቢ ባለ መልካም ነበር። ባላጋራው ተኩሶ ሳተው። የሃው ተራ ሲደርስ ሽጉጡን ወደ ሰማይ አቅንቶ ተኰሰ።

በ1848 ሐሳቡ ተፈጸመ። ኖቫ ስኮሺያ ከባሕር ማዶ የእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ አስቀድማ፣ ያለ ደም፣ የእንደራሴዎችን እምነት ያገኙ ሚኒስትሮች የሚመሩት መንግሥት አገኘች። ከ1860 እስከ 1863 ሃው ራሱ የመንግሥቱ መሪ ሆነ።

የመጨረሻው ዘመኑ ግን መራራ ነበረ። በ1867 ኖቫ ስኮሺያ ሕዝቡ ሳይጠየቅ ከካናዳ ጋራ ተዋሐደች። ሃው ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ እስከ ለንደን ተሻግሮም አቤት አለ፤ የሰማው የለም። እንግዲህ የቀረው ወይ ማመፅ ወይ መስማማት ነበረ። እርሱም ለአገሩ የሚከፈለው ገንዘብ ከፍ እንዲል ተደራድሮ በ1869 የካናዳ ሚኒስትር ሆነ። ብዙ ወዳጆቹ ከዳን ብለው ሰላምታ ነፈጉት። ይህ ለእርሱ ከወህኒ ቤት ሳይከፋ አልቀረም።

በ1873 ወጣት ሳለ የተቃወማቸው ገዥዎች በተቀመጡበት ቤት ገዥ ሆኖ ገባ። ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ተቀምጦ በሰኔ 1 ቀን በዚያው ቤት ሞተ። በ1835 የተከሰሰበት የፍርድ ቤት አዳራሽ ኋላ የሸንጎው ቤተ መጻሕፍት ሆኗል።