ልብስ እያጠበ የተማረው የእርሻ መምህር

እህቶች፣ በሰው ቤት ማጠብና ማብሰል ከትምህርት የሚያርቅ ሥራ ብቻ ሆኖ ከታያችሁ፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርን ታሪክ እንንገራችሁ።

ካርቨር እ.ኤ.አ. በ1864 ገደማ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ተወለደ። እናቱ ባሪያ ስለነበረች የልደቱን ቀን የጻፈለት ሰው የለም። ገና ሕፃን ሳለ ወንበዴዎች ከእናቱ ጋር ጠልፈው ወሰዱት። እሱ ተመለሰ፤ እናቱ ግን በዚያው ቀረች። ያሳደጉት የእናቱ ጌቶች የነበሩት ባልና ሚስት ናቸው።

በሽተኛ ስለነበር የማሳ ሥራ አልቻለም። ቤት ውስጥ ማብሰል፣ ማጠብና መስፋት ለመደ። ተክል ስለሚወድ ግን ጎረቤቶቹ አትክልታቸው ሲጠወልግባቸው እሱን ይጠሩ ነበር።

ጥቁር ልጆችን የሚቀበል ትምህርት ቤት ፍለጋ ገና በልጅነቱ ኒዮሾ ወደምትባል ከተማ ሄደ። ያስጠጉት ሴት አዋላጅና ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ እሱም በሥራ እያገዛቸው ተማረ። ካደገ በኋላ በደብዳቤ የተቀበለው አንድ ኮሌጅ በአካል ሲያየው ጥቁር ነህ ብሎ መለሰው። ተስፋ አልቆረጠም። በሌላ ኮሌጅ የተማሪዎችን ልብስ እያጠበ ተማረ፤ ከዚያም በአይዋ የእርሻ ኮሌጅ በ1894 የመጀመሪያ፣ በ1896 ሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ።

በዚያው ዓመት አላባማ ወደሚገኘው ተስኪጊ ተቋም ለማስተማር ሄደ። የላብራቶሪ ዕቃ ስላልነበረ ከተጣሉ ጠርሙሶችና ጣሳዎች ሠራ። በአካባቢው ዓመት ከዓመት ጥጥ ብቻ ስለሚዘራ መሬቱ ደክሞ ነበር። ካርቨር ገበሬዎቹን ጥጡን ከኦቾሎኒና ከሌሎች ጥራጥሬዎች ጋር እንዲያፈራርቁ መከራቸው፤ የጥራጥሬ ሥር ለአፈሩ ናይትሮጅን ይመልሳልና። አገር ቤት ገበሬው ስንዴ በነበረበት ማሳ ላይ ባቄላ የሚዘራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ትምህርት ቤት መምጣት ለማይችሉት በ1906 መሣሪያና ዘር የጫነ ሠረገላ አዘጋጅቶ ትምህርቱን ወደየመንደሩ ላከ። በ1910 ደግሞ ለገጠር መምህራን ስለ ተፈጥሮ ጥናትና ስለ አትክልት ሥራ መጽሐፍ አሳተመ። ልጅ መደብ ሲለካ ሒሳብ፣ ዘር ሲበቅል ሲያይ ሳይንስ ይማራል።

ብዙዎች የለውዝ ቅቤን የፈለሰፈው እሱ ነው ይላሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ትልቁ ሥራው ድኻ ገበሬ በእጁ ባለው ነገር እንዲጠቀም ማስተማሩ ነበር።

ካርቨር ጥር 5 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. አረፈ። ያደገበት እርሻ በዚያው ዓመት ብሔራዊ ቅርስ ተባለ፤ ዛሬም ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር እየሄዱ ይጎበኙታል።

ልጆቻችሁን ለአያት ትታችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ በሚቀጥለው ስልካችሁ ባቄላ በጣሳ እንዲዘሩ ንገሯቸው። በየሳምንቱም ቁመቱን ለክተው ይንገሯችሁ። የምትጠይቁት አዲስ ነገር ይኖራችኋል፤ እነሱም የሚያስረዷችሁ ትምህርት ያገኛሉ።