ዊልያም ካስል፦ ፍርሃትን ከመጋረጃው ያስወጣ ሰው

ዊልያም ካስል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1914 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም ሽሎስ ሲሆን ትርጓሜው በጀርመንኛ ግንብ ማለት ነው፤ እርሱም ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ካስል ተባለ። በሆሊውድ በአነስተኛ ገንዘብ የሚሠሩ ፊልሞችን ለብዙ ዓመታት ሲያዘጋጅ ከቆየ በኋላ፣ በ1958 «ማካብር» ለተባለው ፊልሙ ያልተለመደ ማስታወቂያ አሰበ። ፊልሙን ሲያይ በድንጋጤ ለሚሞት ተመልካች አንድ ሺህ ዶላር የሚያስከፍል የሎይድስ ኦቭ ለንደን የኢንሹራንስ ወረቀት ለገቢው ሁሉ ታደለ።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ይበልጥ የሚጥመው ግን የ1959ኙ «ዘ ቲንግለር» ነው። በአንዳንድ ወንበሮች ሥር ትንንሽ ሞተሮች ተገጥመው፣ አውሬው አምልጦ ሲኒማ ቤት ገባ በሚባልበት ቅጽበት ወንበሮቹ ይንዘፈዘፉ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ ብልሃቱ ሁሉንም ወንበር ማንቀጥቀጥ አለማስፈለጉ ነው። የጥቂቶች ጩኸት ለቀረው አዳራሽ ይበቃል።

በ1961 «ሚስተር ሳርዶኒከስ» ሲታይ፣ አውራ ጣት የተሳለበትና በጨለማ የሚያበራ ካርድ ለተመልካቹ ተሰጠ፤ ክፉው ሰው ይቀጣ ወይስ ይማር ተብሎ ድምፅ ሊሰጥበት። ቆጠራው ምን ጊዜም በቅጣት ያበቃ ነበር፤ የምሕረቱን ፍጻሜ የያዘ ቅጂ እስከ ዛሬ አልታየም። ካርዱን ግን የድሮ ሲኒማ ማስታወቂያ ሰብሳቢዎች አሁንም ይፈልጉታል።

ካስል በቁም ነገር የሚታይ ፊልም ይመኝ ነበር። «ሮዝሜሪስ ቤቢ» የተባለውን ልብ ወለድ መብት ገዝቶ ራሱ ሊያዘጋጀው ሲነሣ፣ ፓራማውንት ኩባንያ ዳይሬክተርነቱን ለሮማን ፖላንስኪ ሰጠ፤ ካስልም በፕሮዲዩሰርነት ቀረ። በ1968 የወጣው ይህ ፊልም ከሥራዎቹ ሁሉ ገነነ፤ ከወንበር ሥር የሚገጠም ሞተርም አላስፈለገውም። ካስል በ1977 በሎስ አንጀለስ ዐረፈ።